ከፍራሹ ማዶ

ፍራሽ የሚሰፋው ለሁለት ነው። ብቻዬን ሰፋሁት የሚል ሰው ካለ፣ ፍራሹን ሳላየው ጎባጣ ነው እላለሁ። ዛሬ ማሽን ይሠራዋል ይሉኛል። ይሥራው፤ እኔ ወገቤን ስለሚያመኝ አልተኛበትም።

እናትና አባቴ ሲሰፉ እንዲህ ነበር። ጥጥ የጠገበውን ፍራሽ በጎኑ ያቆሙትና ከእንጨት ማቆሚያ ጋር ያስሩታል። አባቴ በወዲህ፣ እናቴ በወዲያ ማዶ ይቀመጣሉ። በመካከላቸው ግድግዳ የሚያህል ጥጥ ስላለ አይተያዩም። አባቴ ክንድ የሚያህለውን መርፌ ይሰዳል፤ እናቴ በማዶ ተቀብላ የቆዳ ቁራጭ ጣል ታደርግበትና ሲባጎውን ጠበቅ አድርጋ መልሳ ትሰድለታለች። መርፌዋ የት ጋ ብቅ እንደምትል ስለማይታወቅ የሚሰደው ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። «መጣች» ይላል አባቴ። «ያዝኩ» ትላለች እናቴ። ቀኑን ሙሉ መጣች፣ ያዝኩ፣ መጣች፣ ያዝኩ። እኔ ከጥጡ ክምር ውስጥ ተቀብሬ እሰማቸዋለሁ። ሌላው ልጅ እሹሩሩ እየተባለ ሲያድግ እኔ በዚህ ነው ያደግሁት።

ቤታችን አንድ ሰፊ ክፍል ነበር። ከፊት ሥራው፣ ከኋላ በመጋረጃ የተከለለ መኝታ። ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ውስጥ የጥጥ ብናኝ ይንሳፈፋል፤ አይወርድ፣ አይወጣ፣ ዝም ብሎ ይዋኛል። እኔ ደመና ውስጥ የምንኖር ይመስለኝ ነበር። ሌሎች ሰዎች መሬት ላይ ይኖራሉ፣ እኛ ግን ትንሽ ከፍ ብለን።

በዚያ ደመና ውስጥ ታዲያ እያንዳንዱ ነገር ቦታ ነበረው። መቀሱ የራሱ ምስማር፣ መርፌዎቹ የራሳቸው ቡሽ፣ ሲባጎው የራሱ ቅርጫት ነበራቸው። አባቴ ቄስ አልነበረም፣ ሰባኪም አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም ከኋላ ነበር የሚቆመው። እምነቱ ያለው ግን በዚያ ምስማር ላይ ነበር። ሳይነጋ እንነሳለን። ፊታችንን ታጥበን ሦስታችን ተሰልፈን እንጸልያለን፣ እኔ መሀል። ከዚያ እናቴ ከውስጥ ወደ ውጭ ትጠርጋለች፣ አባቴ መርፌዎቹን ዘይት በነካ ጨርቅ ይወለውላል፣ እኔ ውሃ እቀዳለሁ። ዳቦና ሻይ ቀምሰን ወደ ሥራ። ማታ ደግሞ ከመሬት ላይ የወደቀች ክር ሳትቀር ተለቅማ፣ ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሶ፣ እንደገና ጸሎት።

«እግዜር ድንገት የሚመጣ እንግዳ ነው ብለሽ አስቢ» ይለኝ ነበር። «ቤቱ ተዝረክርኮ ቢያገኘው የት ይቀመጣል?»

ለሰው የሰጠውን ቃልም እንደዚያው ነበር የሚይዘው። ሐሙስ ይደርሳል ያለው ፍራሽ ሐሙስ ይወጣል፤ ሰማይ ቢደፋ ይወጣል። እናቴ በዚህ ትስቅበት ነበር። ይሄ ሰውዬ ሲሞት እንኳ ጫማውን አጣምሮ፣ መብራቱን አጥፍቶ ነው የሚሞተው ትለዋለች። እሱ ደግሞ ሳቁን ውጦ፣ ጫማውን እሺ፣ መብራቱን ግን አንቺ ታጠፊያለሽ፣ እኔ ሞቼ እንዴት አጠፋለሁ ይላታል። ከፍራሹ ማዶ ሆነው ነበር እንዲህ የሚባባሉት። ሳይተያዩ መሳሳቅ ይችሉ ነበር።

ከዕለታት ባንዱ፣ ጥርሴ መርገፍ በጀመረበት ጊዜ፣ አጎቴ መጣ። የእናቴ ወንድም ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር። መኪናውን ሳያጠፋ ነው ዘሎ የገባው። እኔ ከጥጡ ውስጥ ሆኜ የሰማሁት ግማሹን ነው። እማማ ደክማለች አለ። ትጠራሻለች፣ አሁኑኑ ተነሺ፣ እኔ አደርስሻለሁ፣ ጭነት ስላለብኝ አልቆይም አለ።

እናቴ ብድግ አለች። አባቴ መርፌውን እንደያዘ ነበር። በዚያ ቀን የሚሰፋው ለማዋለጃ ቤት የታዘዘ ፍራሽ ነበር፤ ማታ ሊወስዱት ይመጣሉ፣ እዚያ ደግሞ እናቶች ጣውላ ላይ ነው የሚተኙት። ጨርሰን ነገ ጎህ ሲቀድ በአውቶቡስ እንሄዳለን አላት፤ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ቃል ገብተናል አላት። ድምፁ ክፉ አልነበረም። አጎቴ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየና ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ። እናቴ ትንሽ ቆማ ቆየች። ከዚያ ተቀመጠች። «ያዝኩ» ስትል ድምፅዋ ከሩቅ እንደሚመጣ ነበር።

በማግስቱ እኔን ጎረቤት ትተውኝ ሄዱ። ሲመለሱ የእናቴ ፊት እንደተቆለፈ በር ነበር። አያትሽ ወደ እግዜር ሄደች አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ እግዜር ዘንድ ሁሉም ነገር በቦታው ነው ብዬ። አያቴ የሞተችው በዚያው በመጀመሪያው ቀን ማታ እንደሆነ፣ እስከ መጨረሻው በር በሩን ታይ እንደነበር፣ እናቴ የደረሰችው ከተቀበረች በኋላ እንደሆነ ያወቅሁት አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው። ያኔ ማንም አልነገረኝም። ለልጅ አይነገርም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ለልጅ ካልተነገረ ልጅ የራሱን ይፈጥራል እላለሁ። እኔ የፈጠርኩትን ስሙ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ዝም አለ።

ዝም አለ ስል ጠብ እንዳይመስላችሁ። ጠብ የት አባቱ፣ ጠብ ቢሆንማ በገባኝ። ሰሃን አልተወረወረም፣ በር አልተጠረቀመም። ይልቅ ከቀድሞውም የተስተካከለ ሆነ። እናቴ ሳይነጋ ትነሳለች። ከውስጥ ወደ ውጭ ትጠርጋለች። የአባቴን ሸሚዝ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ከወንበሩ ላይ ታኖርለታለች። እሱም ከሰሉን አቀጣጥሎ፣ ውሃዋን አሙቆ፣ ከደጃፉ ላይ ያስቀምጥላታል። ዳቦውን ለሦስት ይቆርሳል፤ ለስላሳውን ለእሷ። እኔን ሁለቱም ያወሩኛል፣ በዝግታ። እርስ በርሳቸው ግን አንዲት ቃል የለም።

ፍራሹስ? ፍራሹን እየሰፉ ነው። «መጣች» የሚለው ቀረ። አባቴ መርፌውን ከመስደዱ በፊት በጣቱ አንጓ እንጨቱን ያንኳኳል። ቋ። እናቴ ተቀብላ፣ ጎትታ፣ መልሳ ስትሰድ እሷም ታንኳኳለች። ቋ። ውጭ ዝናብ ነው፤ ውስጥ ቋ፣ ቋ፣ ብናኙ ይንሳፈፋል፣ ነጭ ነገር ሁሉ ይተነፍሳል። እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እንቅልፍና ንቃቴ አይለይም ነበር። ያ ክረምት በሕይወቴ ከኖርኩት ሁሉ ሰላም ያለበት ነው ብዬ ስንት ዓመት ሳወራ ኖርኩ፤ እናቴ እየሰማችኝ፣ እሷም ምራቋን እየዋጠች።

ጸሎት ላይም አንድ ነገር አስተዋልኩ። አባታችን ሆይን ሦስታችን ድምፅ አውጥተን ነበር የምንለው። አሁን ስለ ይቅርታ የሚለው ጋ ሲደርሱ የሁለቱም ድምፅ ድርግም ይላል። እኔ ብቻዬን እቀራለሁ። ከዚያ አልፈው እንደገና ይጀምራሉ። ያ ቦታ በጣም ቅዱስ ስለሆነ ትልልቅ ሰዎች በአፋቸው አይሉትም ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህ እኔም ተውኩት። ዛሬ ሳስበው ጸጉሬ ይቆማል። እነዚያ ሁለት ሰዎች ተኮራርፈው እንኳ ጎን ለጎን ቆመው ይጸልያሉ፤ እግዜር ፊት ግን ያላደረጉትን አድርገናል አይሉም። ስንቱ ነው በየቤቱ ይሄንን እንደ ውሃ የሚያፈሰው።

ነገሩን ያበላሸችው፣ ወይም ያቃናችው፣ ሬዲዮ ናት። ጎረቤታችን ናት፣ አትክልት ቸርቻሪ። ሬዲዮ ያሏት ባትሪዋ ስለማያልቅ ነው። አንድ ጠዋት ሽንኩርት ልገዛ ስሄድ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ቤታችን እያየች፣ «እናንተ ቤት ገዳም ሆነ እንዴ? የሰው ድምፅ ጠፋ እኮ» አለችኝ።

ገዳም ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። ሚዛኗን እያስተካከለች ነገረችኝ። እዚያ ያሉ ሰዎች ራሳቸውን ለእግዜር የሰጡ ናቸው። ሳይነጋ ይነሳሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይሠራሉ፣ አያወሩም። አንዳንዶቹማ ዝም ሊሉ ቃል ገብተው ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አይሉም፤ እኔ ብሆን በሁለተኛው ቀን ፈንድቼ እሞታለሁ አለችና ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ሽንኩርቱን አቅፌ መንገዱ መሀል ቆምኩ። ሁሉም ነገር ገባኝ። ሳይነጋ መነሳቱ፣ መጥረጉ፣ ቋ ቋው፣ ዝምታው። እናትና አባቴ ቃል ገብተዋል። ለእኔ ያልነገሩኝ ቅዱስ ሰው ስለማይኩራራ ነው።

እናቴ ደግሞ አንድ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ የእንጨት ሳጥኗን ከፍታ ቀሚሶቿን ስታጣጥፍ አገኘኋት። ከላይ የእኔ ሹራብ አለ። የት ልንሄድ ነው አልኳት። የያዝነውን ሥራ እንጨርስና ትደርሽበታለሽ አለችኝ፣ ለአባትሽ አትንገሪ አለችኝ። እኔ መች ጠፋኝ። ሥራው ሲያልቅ፣ ዝምታው ሲሞላ፣ ወደ እግዜር ልንሄድ ነው። አያቴም እዚያ ናት። አባቴ ያልተነገረው በድንገት ደስ እንዲለው ይሆናል።

እውነቱን አሁን ልንገራችሁ። እናቴ ከወንድሟ ጋር ተስማምታ ነበር። በእጇ የተጀመሩት ፍራሾች ሲያልቁ መጥቶ እሷን ከነሳጥኗ ሊወስዳት። ያዘዘ ሰው ምን በደለ፣ ብላ ነው የቆየችው፤ እሷም ከአባቴ አታንስም ነበር። የእኔን ሹራብ ከላይ ብታስቀምጠውም እኔን ማን እንደሚወስደኝ ከአባቴ ጋር ገና አልተነጋገረችም። ለመነጋገር መናገር ያስፈልጋል።

እኔም ገዳሙን ተቀላቀልኩ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ጀመርኩ። አፌን ዘጋሁ፤ በቃ። እናቴ ስትጠይቀኝ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ፈገግ እላለሁ። ጸሎቱን በሆዴ እላለሁ። የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር፣ ምላሴ እንደ ዓሣ ይዘላል። ቀጥሎ ግን ቀለለኝ። ሰው ካልተናገረ እንዴት ብዙ እንደሚሰማ! ጥጥ እንኳ ድምፅ አለው። ሲከመር ይንሾካሾካል።

እናቴ አገጬን ይዛ ጉሮሮዬን አየች። ግንባሬን ዳሰሰች። ለአባቴ አልነገረችውም፤ በየት በኩል ትንገረው። አባቴም በበኩሉ ከገበያ ሲመለስ ከረሜላ አምጥቶ፣ በይ ስሙን ጥሪና ውሰጂ አለኝ። እኔ ከረሜላውን በዓይኔ ተሰናብቼ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ሰማዕት ሆኜ አላውቅም። እሱም ለእናቴ አልነገራትም። ሬዲዮ በመስኮት አንገቷን አስገብታ የልጅቱ ምላስ ተያዘ እኮ፣ ምነው ዝም አላችሁ አለች። ሁለቱም ሰሟት፤ ሁለቱም ወደ መሬት አዩ። እኔን የሚያዩኝ በየተራ ነበር፣ አንዳቸው ሲያዩኝ ሌላው እንዳያያቸው እየተጠነቀቁ።

ከዚያ የመጨረሻው ፍራሽ ደረሰ። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ያዘዘው ነው። በማግስቱ ይወጣል፤ በማግስቱ ደግሞ አጎቴ ይመጣል። ይሄንን የሚያውቁት እናቴና ሳጥኗ ብቻ ነበሩ።

ሥራዬ የቆዳ ቁራጮቹን ለእናቴ ማቀበል ነበር። ከእሷ ጎን፣ ከፍራሹ በወዲያ ማዶ ቆሜያለሁ። ቁራጮቹ አለቁና እናቴ ከኋላዋ ካለው ቅርጫት ልታወጣ ዞረች። ጨርቁ ላላ ሲል አየሁና እናቴ እስክትመለስ ብዬ በመዳፌ ደገፍኩት። ቋ፣ አለ እንጨቱ። ቋ ማለት ደግሞ እጅ የማን እንደሆነ አይጠይቅም፣ ቆይ የሚል ሰው ካለም አይሰማም። መርፌዋ መጣችና መዳፌ ውስጥ ገባች።

አልጮህኩም። እዚህ ላይ ሰው አያምነኝም፤ አለማመን መብቱ ነው። ገዳም ውስጥ ያለ ሰው አይጮህም። ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። ፍራሹ ነጭ፣ ብናኙ ነጭ፣ ከመሀል አንዲት ቀይ ነገር እንደ አበባ ስትከፈት እያየሁ ነበር፤ የእኔ መሆኗም ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። አባቴ በማዶ መርፌዋ እንድትሳብለት ጠበቀ። ስትዘገይበት ወደ ራሱ ጎተታት። ቀልታ ወጣች።

ወንበሩ ሲወድቅ ሰማሁ። አባቴ ዞሮ መጣ። እጄን አየ፣ ፊቴን አየ። ያስደነገጠው ደሙ አልነበረም፤ በመርፌ ሥራ ደም ያጋጥማል። እንባዬ እየወረደ አፌ መዘጋቱ ነው። እናቴም ዞራ አየች፤ ቁራጮቹ ከእጇ ረገፉ። አባቴ አንስቶ አቀፈኝና በሩን ሳይዘጋ ሮጠ። መርፌዋ መሬት ላይ ናት፣ ሲባጎው እንደተንጠለጠለ ነው፣ በሩ ወለል ብሏል፣ በሥራ ሰዓት። እናቴ ከኋላችን ስትሮጥ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ አየኋት። ሁለት ጊዜ ዞራ ያንን የተከፈተ በር አየችው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ እጄን አጥባ፣ መድኃኒት አድርጋ ጠቀለለችልኝ። ወፍራም ሴት ነበረች፣ እጇ ሞቃት። ይቺ ልጅ አታለቅስም እንዴ አለች። ምላሷ ተይዟል አለ አባቴ። ከመቼ ጀምሮ? ከማክሰኞ፣ አለ አባቴ። ከእሁድ፣ አለች እናቴ። እኩል ነበር የተናገሩት።

ከዚያ ተያዩ።

«ከእሁድ ጀምሮ አውቀሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በየት አፌ? አንተስ ካየህ ምነው ዝም አልክ?»

«ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ።»

«አንተ ከመርፌህ በቀር ምን ታያለህ? እናቴን አስቀረችብኝ፤ አሁን ደግሞ በልጄ መጣች።»

አባቴ የሆነ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ፣ እሷም ጨመረች፣ እሱም መለሰ። ያን ሁሉ ጊዜ የተጠራቀመው ባንድ ጊዜ መጣ። ነርሷ የፋሻውን ጥቅል እንደያዘች በመካከላቸው ቆማ ቀረች። እኔ ደግሞ ከወንበሩ ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ የሠራነው ነገር ዓይኔ እያየ ሲናድ! ከረሜላዬን የከፈልኩበት! መታገስ አቃተኝ።

«ዝም በሉ» አልኳቸው። «አፈረሳችሁት።»

ሁለቱም ዞሩ። ድምፄ ዝጎ ነበር።

«ምኑን ነው ያፈረስነው?» አለ አባቴ፣ በሹክሹክታ።

«ገዳሙን።»

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ። ሁሉንም ተናገርኩ። ለእግዜር ቃል እንደገቡ አውቃለሁ፣ ዝም ማለታቸውን፣ ቋ ቋውን፣ ጸሎት ላይ ያንን ቅዱስ ቦታ እንደሚዘሉት፤ እኔም አብሬ እንደገባሁ፣ በመርፌ ተወግቼ እንኳ እንዳላፈረስኩ። ሳጥኑንም አውቃለሁ፣ ሥራው ሲያልቅ ወደ እግዜር እንደምንሄድ፣ ሹራቤ ከላይ እንደተቀመጠ። አሁን ግን በናንተ ጩኸት የተነሳ አይቀበለንም አልኩና ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለእጄ አይደለም።

ነርሷ ፋሻዋን ይዛ ቀስ ብላ ወጣች። ብልህ ሴት።

«የምን ሳጥን?» አለ አባቴ።

እናቴ ዓይኗን አልሰበረችም። «ነገ ወንድሜ ይመጣል» አለችው።

አባቴ ከአጠገቤ ተቀመጠ። ያ ቀጥ ያለ ሰው ልክ እንደረጠበ ጥጥ ሆነ። በኮሪደሩ ሰው ይመላለሳል፣ አንድ ሕፃን ይስላል፣ ባልዲ ይንኳኳል።

«ያን ቀን መርፌዋን ጥዬ መነሳት ነበረብኝ» አለ። «ዛሬ ጥያት ስነሳ ሰማይ አልተደፋም።»

«ዛሬ አወቅከው?»

«ዛሬ።»

«እኔ ያን ቀን ነው ያወቅሁት» አለች እናቴ።

ተቃቀፉ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልተቃቀፉም። እሱ እኔን ተሸክሞ፣ እሷ ጫማዬን ይዛ፣ በአንድ ጎዳና ሁለት ዳር ሄድን። ቤት ስንደርስ በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ሬዲዮ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥታ እየጠበቀች ነበር፣ እስክንገባ ድረስ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ። በሕይወቷ አንዴ ነው ይሄ የሆነላት።

ማታ ክሩ ተለቀመ። መርፌዋ ታጥባ ተወለወለች። ተሰልፈን ቆምን። ያ ቦታ ጋ ስንደርስ፣ አባቴ ይቅርታ የሚለምነውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አለው። የበደለንን ይቅር ስለማለት የሚናገረው ጋ ግን ቆመ፤ እሱ የእሷ ድርሻ ነበር። እናቴ አላለችውም። ጠበቅናት። አላለችውም። አባቴ ወደ ቀጣዩ አለፈ።

ካረጀች በኋላ አንድ ቀን ጠየቅኋት። ያን ያህል ቆርጦልሽ፣ ሳጥን ጠቅልለሽ፣ ሸሚዙን መተኮስ፣ ከጎኑ ቆሞ መጸለይ ምን የሚሉት ነው አልኳት። ሞኝነት ነው ብዬ ልላት ነበር። ድድዋን አሳየችኝ።

«ለእሱ መሰለሽ? እኔ የተጣላሁት ከአባትሽ ጋር ነው። እግዜርን መች ተጣላሁት?»

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ብዙ የተማረ ሰው ግን ስለ ሃይማኖት ሲያወራ ሰምቻለሁ። ከዚህች የተሻለ አልሰማሁም። ዛሬም ሳይነጋ እነሳለሁ። ከውስጥ ወደ ውጭ እጠርጋለሁ። ጉልበቴ ሲንቋቋ ጎረቤት ይሰማል። ልጆቼ እማዬ ሠራተኛ እንቅጠርልሽ ይሉኛል። ጸሎት በሠራተኛ ይጸለያል ወይ እላቸዋለሁ፤ አይገባቸውም፣ መጥረጊያውን ነው የሚያዩት።

በማግስቱ አጎቴ መጣ። ሳጥኑን ሊያነሳ እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። እናቴ ቀድማ ለብሳ ቆማለች። «ሳጥኑ ይቆይ» አለችው። «እኛን ጫነን።» የት አላት። እማማ ዘንድ አለችው። ማን ማን? ሦስታችንም፣ አለች፤ አባቴን ሳታይ ነው ያለችው። አጎቴ አባቴን አየው፣ መኪናውን አየው፣ እኔ በዚህ ቤት ጉዳይ ራሴ ዞሯል ብሎ ወጣ።

ይሄን ጊዜ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ፍራሹን ሊወስድ ሰው ይዞ ደረሰ። ፍራሹ በማቆሚያው ላይ እንደቆመ ነው፣ ግማሹ የተሰፋ፣ ግማሹ ያበጠ። አባቴ እጁን ታጠበ፣ በፎጣ አደረቀ፣ ፎጣውን ሰቀለ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። «ዛሬ አይደርስም» አለ። እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ የሰው አገር ቋንቋ እንደሚሞክር ሰው አፉ ውስጥ ተሰባበረበት። ሰውየው እንግዶች ይገቡብኛል፣ በምን አስተኛቸዋለሁ፣ አንተማ ቃልህ ቃል ነው ሲሉኝ አምኜ አለ፤ ሌላም ሌላም አለ። አባቴ ልክ ነህ እያለ ሁሉንም ሰማው፣ ከዚያ በሩን ቆለፈ።

የመቃብሩ ቦታ ዳገት ላይ ነበር፣ ከፍ ያለ ሣር፣ ነፋስ። አጎቴ መኪናው ውስጥ ቀርቶ እንቅልፉን ለቀቀው። እናቴ ከድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አለች፣ እግሯን ዘርግታ፣ ቤቷ እንደተቀመጠች። አባቴ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አላወቀም። ዞር ዞር አለና ከአንደኛው ጥግ ጀምሮ አረሙን ይነቅል ገባ፣ በመስመር፣ ሥሩን በአንድ በኩል ቅጠሉን በሌላ በኩል እያስተካከለ። እናቴ ትንሽ አየችው።

«ተወው» አለችው። «ና፣ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። አፈሩን ከእጁ አራገፈ። እኔ ሣሩ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ሰማዩን አያለሁ፣ ደመናው እንደኛ ቤት ጥጥ ይንሳፈፋል፣ የታሰረው እጄ ሆዴ ላይ ይሞቃል።

«ልጅ ሳለሽ እንዴት ነበርሽ?» አለ አባቴ። «እሷን ጠይቄያት አላውቅም። አሁን ማን ይነግረኛል?»

እናቴ ሣር ነቅላ ጫፉን ነከሰች። ከዚያ ጀመረች፤ ስለ አንድ ዛፍ፣ እሷ ወጥታበት እናቷ ከሥሩ ቆማ ስለጮኸችባት ዛፍ። ድምፅዋ መጀመሪያ ደረቅ ነበር፣ ቀስ እያለ ራሰ። አንዴ ሳቀች መሰለኝ። ዓይኔ እየተከደነ ነው። ጥላው ረዝሞ እግሬ ላይ ደረሰ፣ የማታ ጸሎት ሰዓት ሆነ። አባቴ ቀና ብሎ ፀሐይዋን ሲያያት አየሁት፤ ጉልበቱ ሊነሳ ተንቀሳቀሰ። መልሶ አጠፈው። እናቴ ገና እያወራች ነበር።